ስም የለሽ ወሬ፣ ስም ያለው ገንዘብ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ መቱ ሁለት ዓይነት እንግዳ ይመጣባታል። አንደኛው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከየወረዳው በአውቶቡስ እየተጫነ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚገባው ተፈታኝ ነው። ሁለተኛው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ፊትም የለው። ያለው የቴሌግራም ቻናል፣ በእሳትና በቁልፍ ምልክት ያጌጠ ስም፣ ከሥሩም አንድ የስልክ ቁጥር ነው። «የነገው ሒሳብ እጃችን ገብቷል፤ ቦታው ውስን ነው፤ የከፈለ ብቻ ይገባል» ይላል። ልጁ ያለው ጥቂት መቶ ብር ነው፤ የመመለሻ ትራንስፖርቱም ከዚያው ውስጥ ነው።

የሻጩ ጥበብ ሲገለጥ ከማስደነቅ ይልቅ ያናድዳል። አንድ ሰው አራት አምስት ቻናል ይከፍትና በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ «መልስ» ይለጥፋል። ፈተናው ሲያልቅ ያልገጠመውን ያጠፋል፣ በአጋጣሚ የቀረበውን ያስቀራል። አንዱም ካልቀረበ ቀድሞ የለጠፈውን ከፍቶ ትክክለኛውን መልስ ይተካበታል። ቴሌግራም የተለጠፈን ጽሑፍ በኋላ ማረም ይፈቅዳል፤ የተለጠፈበት ቀን ግን የፊተኛው ሆኖ ይቆያል። መታረሙን የምትጠቁመዋን ትንሽ ቃል ደግሞ ስክሪንሾቱ ላይ መቁረጥ ቀላል ነው። በዓመቱ ያ ስክሪንሾት ምስክር ሆኖ ይመጣል፦ «አምና ማን እንደሠራላችሁ ጠይቁ!» የሚጠየቅ ሰው ግን የለም። የአምናው ተፈታኝ ወይ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ወይ ቤቱ ተቀምጦ የሆነበትን ለመናገር ያፍራል። ገዢው በየዓመቱ አዲስ ነው፤ ለአታላይ ከዚህ የተመቸ ገበያ የለም።

ሻጩ የቆመው ግን ባዶ መሬት ላይ አይደለም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች በእርግጥም ሾልከው በፌስቡክ ላይ ተዘርግተው ነበር፤ ፈተናውም ተሰርዞ ሌላ ቀን ተሰጠ። ያ እውነት ዛሬ ለሐሰቱ መያዣ ሆኖ ያገለግላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ፍርሃቱ አለ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ከ100 ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩም ዓመት ያው ነበር። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ በወደቁበት ፈተና ውስጥ ተስፋ የሚሸጥ ሰው ስለ ሸቀጡ ጥራት የሚጠይቀው አይኖርም።

የዚህ ንግድ መንትያ በውርርድ ቤቶች አካባቢ አለ፤ «ፊክስድ» ይሉታል። ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ የኳስ ጨዋታ አለን የሚሉ ቻናሎች ናቸው። ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። 800 ተከታይ አለ እንበል። ለ400ው ባለሜዳው ያሸንፋል፣ ለቀሪው 400 አያሸንፍም ተብሎ በነፃ ይላክላቸዋል። ከሁለቱ አንዱ መቶ በመቶ «ትክክል» ይሆናል። ለእነዚያ 400 ደግሞ በሚቀጥለው ጨዋታ ሁለት ተከፍለው ይላክላቸዋል፤ ከዚያ ለ200፣ ከዚያ ለ100። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲሳካ በዓይናቸው ያዩ 100 ሰዎች ተገኙ ማለት ነው። ለእነሱ አራተኛው በክፍያ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ማስረጃ አይተዋል። ያላዩት በመንገድ ላይ የተንጠባጠቡትን 700ዎቹን ነው። (ደግሞስ የአውሮፓን ቡድን ውጤት አስቀድሞ ያወቀ ሰው ምስጢሩን ለመቱ ተማሪ በ500 ብር ይሸጣል? ይህን ጥያቄ ግን ሦስት ጊዜ የተሳካለት ሰው አይጠይቅም።)

ስለ ሐሰተኛ የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ሲወራ ጥያቄው ሁልጊዜ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ቀጥሎም «ማን ፈጠረው?» ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ከጭጋግ ጋር ያታግላሉ። ስሙ ሐሰት ነው፣ ፎቶው ተሰርቋል፣ ቁጥሩ ዛሬ ይሠራል ነገ ይዘጋል። ገንዘቡ በየት በኩል አልፎ ማን ኪስ ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ጨብጦ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ወሬ ያለ ስም መኖር ይችላል፤ ገንዘብ ግን አንድ ቦታ ላይ የግድ በሆነ ሰው ስም ማረፍ አለበት። በቴሌብር ቁጥር፣ በባንክ ሂሳብ፣ ካልሆነም ውጭ አገር ባለ ዘመድ ሂሳብ። ይህ ዳሰሳ ያንን የማረፊያ ቦታ በየዘርፉ ይፈልጋል።

ወሬ ገንዘብ መሆኑ መቱ ላለችበት ለኢሉባቦር አዲስ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ስትሆን፣ የጎሬ ቡና ወደ ባሮ ወንዝ ወረደ። መርከቡ የሚመጣው ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ መርከቡ ደረሰ አልደረሰም፣ ዋጋው ወጣ ወረደ የሚለውን ቀድሞ የሰማ ነጋዴ ያተርፋል፤ ቀድሞ ያላወቀውም ያወቀ መስሎ ሊያተርፍ ይችላል። ልዩነቱ ጎሬ ገበያ ላይ የዋሸ ነጋዴ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ጎሬ ላይ መታየቱ ነበር። ዛሬ የቡና ዋጋ፣ የማዳበሪያ መምጣት፣ የመንገድ መዘጋት የሚወራው በስልክ ነው፤ ያወራው ሰው ደግሞ ጎሬን አይቷት አያውቅ ይሆናል።

ከሁሉ ሰፊው ዘርፍ የማስታወቂያ ገንዘብ ነው፤ ዋና ሜዳውም ዩቲዩብ። አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የታየበት ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን ውስጥ በአጫጭር ቪዲዮዎች 10 ሚሊዮን እይታ ይጠየቃል። «ቤተሰቦቼ፣ ሰብስክራይብ ሳታደርጉ እንዳታልፉ» የሚለው ልመና ከዚህ ይመነጫል። ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 8 ደቂቃ የሞላ ቪዲዮ መሃሉ ላይ ማስታወቂያ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ወሬ ለምን አሥር ደቂቃ እንደሚጎተት መገረም አያስፈልግም። ርእሱ «ሰበር» ይላል፤ ፎቶው ላይ አንድ ታዋቂ ሰው ሲያለቅስ፣ ሌላው ሲታሰር ይታያል፤ አቅራቢው «ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት» እያለ ሰባተኛውን ደቂቃ ያልፋል። ወደ ዋናው ጉዳይ ሳይገባ ያልቃል፤ ዋናው ጉዳይ ማስታወቂያው ነበርና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አስተዋዋቂ ለመቱ ተመልካች የሚከፍለውና ለአሜሪካ ወይም ለጀርመን ተመልካች የሚከፍለው አይገናኝም። ስለዚህ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚሠራ ቻናል ብሩን የሚያገኘው በዋናነት ከአገር ውጭ ካለው ወገን ዓይን ነው። አገሩን የናፈቀ፣ ስለ ቤተሰቡ የሚጨነቅ፣ ከሥራ መልስ ሌሊቱን ስልኩ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ምን ይከፍታል? የጦርነት ወሬ፣ የቤተ እምነት ውዝግብ፣ የአርቲስት ሞት። በቁም የተለቀሰላቸው አርቲስቶች «አለሁ» እያሉ ቪዲዮ ለመልቀቅ የተገደዱት ለዚህ ነው። ጭንቀቱ ሲልቅ እይታው ይልቃል፤ ሲረጋጋ ገቢው ይረግባል። የመቱ ሰው ከዚህ የሚደርሰው ፍርሃቱና ያለቀው የኢንተርኔት ፓኬጅ ነው። ገንዘቡስ የት ያርፋል? ዩቲዩብ ገቢ ከሚያካፍላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ስላልነበረች፣ ብዙ ቻናል የሚመዘገበው ውጭ ባለ ዘመድ ወይም ሸሪክ ስም ነው። አገር ውስጥ ፖሊስ ቢፈልገው የማያገኘው፣ የማስታወቂያው ክፍያ ግን በየወሩ አድራሻውን ሳይስት የሚያገኘው ሰው አለ።

የዚህ ንግድ ታዋቂ ምሳሌ ከእኛ የራቀ ነው፤ ለመቱ አንባቢ ግን ይገባዋል ብዬ አስባለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምርጫ ወቅት በመቄዶንያ ቬሌስ የምትባል ፋብሪካዎቿ የተዘጉባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ወጣቶች ከ100 በላይ ድረ ገጾች ከፍተው ስለ ትራምፕ የተጋነነና የፈጠራ ወሬ ሲያሰራጩ ተገኙ። ብዙዎቹ ትራምፕን አይወዱትም፣ አይጠሉትምም። በመጀመሪያ ስለ ጤናና ስለ መኪና ሞክረው አልሸጥ ብሏቸው ነበር፤ የተሸጠው የአሜሪካኖች ቁጣ ሆነ። እኛ አገር አንድ የፈጠራ ወሬ ሲመጣ ወዲያው የምንፈልገው ከጀርባው ያለውን ቡድን ነው፤ «እነ እገሌ ናቸው፣ ሴራ አለ» እንላለን። ሴራ የለም አልልም። ነገር ግን አንዱን ብሔር የሚያስቆጣ ቪዲዮ ለጠዋት፣ ሌላውን የሚያስቆጣ ለማታ የሚያዘጋጅ ሰው ወገን የለውም፤ ደንበኛ እንጂ። እሱን እንደ ፖለቲከኛ መታገል እይታውን መጨመር ነው። ተቆጥቶ «ተመልከቱ ይህን ውሸታም» ብሎ ሼር ያደረገውም፣ አምኖ ሼር ያደረገውም ለሂሳቡ እኩል ናቸው።

ቲክቶክ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ፤ ገንዘቡ ከአስተዋዋቂ ሳይሆን በቀጥታ ከተመልካች ኪስ ይወጣል። ተመልካቹ ኮይን ይገዛል፤ በላይቭ ላይ ስጦታ ይልካል። ጽጌረዳ 1 ኮይን ናት፤ አንበሳው 29,999፣ ይህም ወደ 400 ዶላር ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ኩባንያው ከፍ ያለ ድርሻ ያስቀራል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ቢቢሲ ባደረገው ምርመራ፣ በሶርያ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ለሰዓታት በላይቭ እየለመኑ፣ ከተላከላቸው ስጦታ እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ቲክቶክ ዘንድ እንደሚቀር ጽፏል፤ ኩባንያው ድርሻዬ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው ብሏል። ስልክና ኢንተርኔት ይዘው መጠለያው ድረስ የሚሄዱ ደላሎችም ነበሩ። በእኛ ላይቮች ደግሞ ሃይማኖት ከሃይማኖት፣ ሰፈር ከሰፈር ይፋጠጣል። ስድቡ ሲበረታ ስጦታው ይዘንባል፤ «ባትል» (ፍልሚያ) መባሉም በከንቱ አይደለም። ተሰዳዳቢዎቹ ከላይቭ ሲወጡ ተደዋውለው የሚሳሳቁ መሆናቸውን ተመልካቹ ቢያውቅ አንበሳውን ይልክ ነበር?

ከሁሉም ልብ የሚሰብረው ግን የእርዳታ ጥሪው ነው፤ ትንሽ መቆየት ያለብንም እዚህ ነው። መቱ ካርል ሆስፒታል ለአካባቢው ሁሉ የታማሚ መዳረሻ ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሕመም ሲገጥም ደግሞ በሽተኛው ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ሪፈር ያለው ሰው መሬት ይሸጣል፣ ከብት ይሸጣል፣ ካልበቃው ፎቶውንና የሂሳብ ቁጥሩን ፌስቡክ ላይ ያወጣል። ይህ እውነተኛ ጥሪ ነው፤ ሌባው የሚጠብቀውም እውነተኛውን ነው። ፎቶውን፣ የሐኪም ወረቀቱን፣ የእናትየውን እንባ እንዳለ ይወስድና አንድ ነገር ብቻ ይቀይራል፦ የሂሳብ ቁጥሩን። እንዲህ ያለው ልጥፍ ላይ «ውሸት ነው» የሚል ሰው ጨካኝ ይመስላል፤ ታማሚው በእርግጥ አለና። ታማሚው ግን ሳንቲም አይደርሰውም። ሌላው ዓይነት ከሩቅ አገር የተወሰደ የሕፃን ፎቶ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ፣ በምድር ላይ የሌለ ሕፃን።

በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ከተማ ከትልቅ ከተማ ትበልጣለች። «የጎሬ ልጅ ናት» ከተባለ ጎሬ ሩቅ አይደለችም። እድሩ አለ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ቀበሌው አለ። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ኦቦ፣ ይህች ልጅ ሰፈራችሁ ናት?» ብሎ በአምስት ደቂቃ የሚያጣራው ነገር፣ አትላንታ ያለ ወንድሙ በአምስት ቀን አያጣራውም። ስለዚህ ከውጭ የሚልኩ ወገኖች ገንዘቡን ከመላካቸው በፊት አገር ቤት ያለ ሰው በእግሩ ሄዶ እንዲያይላቸው ቢጠይቁ፣ ከየትኛውም መተግበሪያ የተሻለ ማጣሪያ አላቸው።

የገጽ ንግድን በአጭሩ ላንሳ። «አሜን ሳትል አትለፍ»፣ «እናቱን የሚወድ ሼር ያድርግ» የሚሉ ገጾች ምን ይጠቀማሉ ብሎ የሚገረም አለ። ተከታይ ያደልባሉ፤ ከዚያ ይሸጣሉ። ትናንት የመዝሙር ግጥም ይለጥፍ የነበረ ገጽ ዛሬ ስሙን ቀይሮ የሥራ ማስታወቂያ፣ ነገ የዶላር ኢንቨስትመንት ይሆናል። ፌስቡክ አንድ ገጽ መቼ እንደተከፈተና ስንት ጊዜ ስም እንደቀየረ በገጹ መግለጫ ውስጥ ያሳያል። የሚከፍተው ግን ጥቂት ነው።

የሐሰተኛ ሥራ ማስታወቂያ ለኢሉባቦር ወጣት የተለየ ክብደት አለው። ያዩ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ይገነባል ተብሎ በመንግሥታዊው ኮርፖሬሽን በሜቴክ እጅ ሥራ ሲጀመር የአካባቢው ወጣት ምን ያህል ተስፋ እንዳደረገ የሚያውቅ ያውቃል፤ ፕሮጀክቱ ግን ሳያልቅ ቆመ። የመቱ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ያስመርቃል፤ ተመራቂው ዲግሪውን ይዞ ሥራ ፍለጋ ስልኩን ይከፍታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድንና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን አርማ የለጠፉ ሐሰተኛ ገጾች የሚያጠምዱት እዚህ ነው፤ ድርጅቶቹ ራሳቸው ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። የካናዳ ቪዛ፣ ነፃ የትምህርት ዕድል፣ የዓረብ አገር ሥራ በዚሁ መስመር ይመጣሉ። መለያው አንድ ነው፦ ቀጣሪ ነኝ ባዩ ገና ሳይቀጥር ገንዘብ ይጠይቃል። «የፎርም»፣ «የምዝገባ»፣ «የሕክምና» ይለዋል። ደሞዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ከሥራ ፈላጊው 300 ብር የሚለቅምበት ምክንያት የለም።

ከዚያ ቀጥሎ «ሳይሠሩ ገቢ» የሚሉት አሉ። ክዌስትኔት የተባለው የሰንሰለት ሽያጭ በፊት መጥቶ ስንቱን የተማረ ሰው ሻይ ቤት ውስጥ ክብ እየሣለ እንዳስረዳ የዚያ ዘመን ሰዎች ያስታውሳሉ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ፊያስ 777 የተባለው መጣ፤ ገንዘብ አስገባ፣ ሰው ጋብዝ፣ በየቀኑ ይታሰብልሃል ይል ነበር፤ ቆመ፣ ያስገቡትም አለቀሱ። እነዚህን ከቤት ወደ ቤት ያስገባቸው ኩባንያው አይደለም፤ የአክስት ልጅ ነው፣ የክፍል ጓደኛ ነው። ቀድሞ የገባው ከኋለኛው ገንዘብ ስለሚከፈለው፣ ስለ ትርፉ ሲመሰክር አይዋሽም። ምስክርነቱ እውነት፣ ነገሩ ሐሰት የሆነበት ለዚህ ነው፤ ለማስረዳትም የሚያዳግተው።

በ2016 ዓ.ም. የሁሉም ጣት ያረፈበት የቴሌግራም ጨዋታ፣ ሃምስተር ኮምባት፣ ከእነዚህ ይለያል፤ ገንዘብ አስገቡ አላለም። የወሰደው ጊዜ ነው። ተጫዋቹ የጨዋታ ሳንቲም ለማግኘት ከሚታዘዛቸው ነገሮች አንዱ የድርጅቱን የዩቲዩብ ቪዲዮ ማየት ነበር። በዚህ መንገድ ቻናሉ በወራት ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰብስክራይበር ሰበሰበ። የየቀኑን «ኮምቦ» በአማርኛ የሚያስረዱ የእኛ ቻናሎችም «በመስከረም ሚሊየነር ትሆናላችሁ» እያሉ የየራሳቸውን እይታ ለቀሙ። መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳንቲሙ ገበያ ላይ ሲወጣ 131 ሚሊዮን ለሚሆኑ ብቁ የተባሉ ተጫዋቾች ተከፋፈለ። ለብዙው የደረሰው ጥቂት ዶላር ነበር። ወራት ሙሉ የታየው ማስታወቂያ ግን ለባለቤቶቹ በወቅቱ ተከፍሎ አልቋል።

አገሪቱ ሕግ የላትም ማለት አይቻልም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ 1 ዓመት እስር ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር። ይህ አዋጅ ተከታይ ይቆጥራል፤ የሁከትና የግጭት አደጋን ያያል፤ ብሩን ግን አይከተልም። የተጻፈው ለተቆጣ ሰው እንጂ ለነጋዴ አይደለም ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ለነጋዴው የሚስማሙት ሌሎቹ ናቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለ ማታለል ይደነግጋል። አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለ። የፒራሚድ ሽያጭን የሚከለክል የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። በኮምፒውተር አማካይነት ማጭበርበርን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደግሞ ከዲጂታል ይዘት የሚገኝን ገቢ ወደ ግብር አስገብቷል፤ በእኔ አመለካከት ይህ ከሁሉም በላይ ተስፋ ያለው በር ነው፤ ገቢውን ለመገመት ስሙን መመዝገብ ግድ ነውና።

በጅምላ መዝጋት ግን እንደማይሠራ አይተናል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ታግደው ነበር። ሰው ወደ ቪፒኤን ሄደ፤ ነፃ ቪፒኤን ደግሞ ራሱ በማስታወቂያ የሚኖር ነው። ወሬው አልቆመም፤ መረጃ አጣሪው ዘንድ መድረስ ግን አስቸጋሪ ሆነ።

አጣሪዎቹን ካነሳን፣ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ በአገር ውስጥ፣ ፔሳቼክ ከናይሮቢ ሆኖ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሠራሉ። ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ ግን አንድን ቪዲዮ አጣርቶ ለማሳየት ግማሽ ቀን ሲፈጅ፣ ቪዲዮው ገቢውን የሚያገኘው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። የእርማት ጽሑፍ እንደ ሰበር ዜና አይጋራም። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ደግሞ ከዚህ ገቢ ተካፋይ ናቸው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶአቸውና የሥራ ቦታቸው በፌስቡክ ከጥላቻ ጽሑፍ ጋር ከተለጠፈ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ከሌሎች ጋር በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ በናይሮቢ ክስ መሠረተ፤ የክሱ እምብርትም የኩባንያው ስልተ ቀመር ቁጣን የሚያጎላው ቁጣ ገቢ ስለሚያመጣ ነው የሚል ነው። ሜታ ክሱን ይቃወማል። መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። የፍርዱ መጨረሻ ምንም ይሁን፣ ከወሬው ጀርባ ያለውን የገንዘብ ስም ፍርድ ቤት ፊት ለመጥራት የተደረገ ትልቅ ሙከራ ይህ ነው።

ናይሮቢ ድረስ መሄድ ለማይችለው የመቱ፣ የጎሬ፣ የሁሩሙና የያዩ ሰው የቀረበው መንገድ አጭር ነው። ለፈተና መልስ፣ ለፊክስድ፣ ለሥራ ፎርም፣ ለሐሰተኛ ታማሚ የተላከ ብር ሁሉ ደረሰኝ አለው። በዚያ ደረሰኝ ላይ የተቀባዩ ስም ወይም ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ የተመዘገበ ሲም ነው፣ የባንክ ሂሳቡም ከፋይዳ መታወቂያ ጋር እየተያያዘ ነው። ስሙ የተከራየ ቢሆን እንኳ አከራዩ ሰው ነው፤ ይጠየቃል። የጎደለው አቤቱታ ነው። 300 ብር የተበላ ሰው «ለዚህችማ ብዬ» ይላል፤ ተማሪው «ፈተና ልገዛ ነበር» ማለትን ያፍራል፤ ሻጩ የሚኖረው በዚህ እፍረት ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም የተበላችሁ ከሆነ ቻናሉ ሳይጠፋ ስክሪንሾቱን አስቀምጡ፣ የቴሌብሩን ወይም የባንኩን መልእክት አታጥፉ፤ እንደ እናንተ የተታለሉትን ፈልጋችሁ አንድ ላይ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ለአንድ ሰው 300 ብር የሆነው፣ አርባ ሰው ይዞት ሲቀርብ 12,000 ብርና አንድ የሂሳብ ቁጥር ይሆናል።